እጀታ የሌለው መሮ መሣሪያ አይባልም

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ መዋጮ አይደለምና አትደንግጡ። የምናገረው ስለ እጀታ ነው። «እጀታ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው በስብሰባ የሚነገረው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ በትዕግሥት አዳምጡኝ።

እንደምታውቁት በማኅበራችን የእንጨት ሥራ ክፍል ወጣቶቻችን በቶርኖ የወንበርና የአልጋ እግር፣ የሞሰብ መቀመጫ፣ የደረጃ ድጋፍ እየሠሩ ራሳቸውንም ቤተሰባቸውንም ይረዳሉ። ነገር ግን በክፍሉ ካሉት መሮዎች ብዙዎቹ እጀታቸው የተሰነጠቀ ወይም ጭራሹኑ የሌለ ነው። ጨርቅ ተጠምጥሞባቸው የሚሠራባቸውም አሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ልጃችን እጀታ በሌለው ሞረድ ቶርኖ ላይ ሲሠራ፣ የሚዞረው እንጨት ብረቱን ያዘና ወደ ኋላ ገፋው፤ የሞረዱ ሹል ጭራ መዳፉ ውስጥ ገባ። ተሰፍቶ ድኗል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆኖም ሦስት ሳምንት እጁን አስሮ ቤት ተቀመጠ። በእጁ የሚያድር ሰው እጁ ከታሰረ ምን ይበላል? እንግዲህ ቁም ነገሩ ይኸው ነው።

የድሮ ሰዎች መጥረቢያ ሲመጣበት ዛፍ «ዛቢያው እኮ ከእኛው ወገን ነው» አለ ይላሉ። ብረቱ ብቻውን ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር ማለት ነው። በቶርኖ ሥራ ደግሞ ይህ ነገር ይብሳል። በመላጊያ ስንሠራ ኃይሉ ከክንዳችን ነው፤ ስንደክም እናቆማለን። በቶርኖ ግን ኃይሉ ከሞተሩ ነው፤ እንጨቱ እየዞረ ስለቱን ወደ ታች ይመታል፣ እኛ ደግሞ መሣሪያውን በመደገፊያው ብረት ላይ አጋድመን ችለን መያዝ አለብን።

ድንጋይ በዲጂኖ የፈነቀለ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ስለቱ ከመደገፊያው 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ወጥቶ፣ እጃችን ከመደገፊያው 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢይዝ፣ እንጨቱ ስለቱን ከሚገፋበት ኃይል እጃችን ላይ የሚደርሰው አንድ ስምንተኛው ብቻ ነው። እጃችን 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢይዝ ግን ግማሹ ይደርስብናል። ስለዚህ ረጅም እጀታ ለጌጥ አይደለም። ለጥቃቅን ሥራ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ሸካራውን እንጨት ለሚያነሳ ጎድጓዳ መሮ ከ35 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ።

አንደኛ፣ እንጨቱ። ወይራ ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ስለሆነ ከሁሉ ይመረጣል። ክትክታም ቀጭን ቢሆን ጠንካራ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ የመጣመምና የመሰንጠቅ ጠባይ አለው፤ ደህና አድርጎ የደረቀና ቀጥ ያለ ከተገኘ ግን ያገለግላል፤ የዶማና የአካፋችን እጀታ ብዙውን ጊዜ እሱ አይደለም እንዴ? ዋንዛ ለስለስ ያለ ነው፤ ለትንንሽ መሣሪያ ይሆናል። ጽድ ግን በቁመቱ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ለዚህ ሥራ አይሁን። የትኛውም ይሁን የትኛው፣ የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ጉጥ የሌለበት መሆን አለበት።

ይህን ስል ሂዱና ወይራ ቁረጡ ማለቴ አይደለም። የቆመ ዛፍ አይነካ! በየቤታችን የተሰበረ ወንበር፣ የአሮጌ አልጋ እግር፣ የፈረሰ ቤት ጠርብ ሞልቷል። እናቶች ሆይ፣ የተሰበረ ዘነዘና ወደ ምድጃ ከመክተታችሁ በፊት እባካችሁ ለልጆቹ አሳዩአቸው። እንዲህ ያለው እንጨት ጠንካራም ነው፣ ለዓመታት የደረቀም ነው።

ሁለተኛ፣ መድረቁ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ቀለበቱ ይወልቃል፣ ብረቱም ይላላል። እርጥብ ከሆነ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሁለቱን ጫፎች ሰም ወይም ቀለም ቀቡአቸው፤ ይህ ጫፉ ቀድሞ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ነው። ባለሙያዎች ለ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይቆጥራሉ። መድረቁን ለማወቅ በየሳምንቱ በሱቅ ሚዛን መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ቀዳዳው። ከመቅረጻችሁ በፊት ቅደዱ። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። ቀዳዳውን መጀመሪያ ከቀደዳችሁና ያንኑ ቀዳዳ በቶርኖው ሹል ጫፍ ላይ አስገብታችሁ ከቀረጻችሁ፣ ቀዳዳው በራሱ ጊዜ እጀታው መሐል ላይ ይውላል። ጥልቀቱ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የመሮው ጭራ እየሾለ የሚሄድ ከሆነ፣ በቀጭን ፑንታ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ በወፍራሙ እስከ ግማሹ ቅደዱ።

በየገጠሩ ጭራውን በእሳት አግሎ እንጨቱ ውስጥ ማስገባት የቆየ ልማድ ነው፤ ለማጭድና ለቢላዋ አገልግሏል። ለቶርኖ መሮ ግን ሙቀቱ ወደ ስለቱ ከደረሰ ብረቱን ያለሰልሰዋል። በእሳት ማድረግ የፈለገ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ሌላ ቁራጭ ብረት ያግል እንጂ መሮውን ራሱን እሳት ውስጥ አይክተት።

አራተኛ፣ ቀለበቱ። ጭራው እንጨት ውስጥ ሲገባ እንደ ሽብልቅ ሆኖ እንጨቱን ሊሰነጥቀው ይታገላል። የሚከለክለው ቀለበቱ ነው። ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ ከ2 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚሆን ቁራጭ ይበቃል፤ ምን አለሽ ተራ የሄደ ሰው በቀላሉ ያገኘዋል። የውስጡን ሸካራ ጠርዝ በሞረድ አንሱት። እንጨቱ ከቀለበቱ ውስጥ በፀጉር ያህል ብቻ ወፈር ብሎ ይቀረጽ፤ ከዚያ እየመታችሁ አስገቡት። በእጅ ተገፍቶ የሚገባ ቀለበት በእጅ ይወልቃል።

አምስተኛ፣ ቅርጹ። ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ሆኖ፣ መሐሉ ትንሽ ሰርጎድ፣ ጫፉ ትንሽ ወፈር ይበል፤ እጅ እንዳያመልጥ ነው። ልኩን የሚነግራችሁ የገዛ እጃችሁ ነው። ቶርኖ የሌለው ሰው ወይም መብራት የጠፋበት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ፤ 4 በ4 የሆነ እንጨት አራቱን ማዕዘን በመላጊያ ቢያነሳለት ስምንት ጎን ያለው እጀታ ይወጣዋል። እንዲያውም እንዲህ ያለው ከጠረጴዛ ላይ ተንከባሎ አይወድቅም።

ስድስተኛ፣ ማግጠሙ። ስለቱን በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ ብረቱን በሞርሳ እሰሩትና የእጀታውን ጫፍ በእንጨት መዶሻ ምቱ። ስለቱን ወደ ላይ አቁሞ በብረት መዶሻ የሚመታ ሰው እጁንም መሮውንም ያጣል።

ሰባተኛ፣ ቅባቱ። ቫርኒሽ እጅን ያንሸራትታል። የተልባ ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ሲደርቅ ድገሙት። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ከተጣለ በራሱ እየሞቀ ሄዶ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ገለባና ሰጋቱራ ባለበት ክፍል ምን እንደሚያደርግ አስቡት! ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ልጆቼ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። ሞረድን ስሎ መሮ ማድረግ በየቦታው ይታያል። የሞረድ ብረት በጣም ጠንካራ ስለሆነ ተሰባሪ ነው፤ ቶርኖ ላይ እንደ ብርጭቆ ሊከሰከስ ይችላል፤ ያን ጊዜ የትኛውም እጀታ አያድንም። ለቶርኖ የተሠራ መሮ ብቻ ያዙ። ሁለተኛ፣ ነጠላ፣ ሻሽ፣ የተንዘላዘለ እጅጌ፣ ጓንትም ቢሆን ከሚዞር እንጨት ይራቅ፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረግ።

ወገኖቼ፤ አዲስ መሮ እንግዛ ብንል ከማኅበሩ ካዝና ብዙ ብር ይወጣል። የመሮዎቻችን ብረት ግን ደህና ነው፤ የጎደላቸው አንድ ክንድ እንጨትና አንድ ቀለበት ነው። ስለዚህ የሥራ ኮሚቴው ሦስት ነገር ለጉባኤው ያቀርባል፦

1ኛ/ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደህና እጀታ የሌለው ማንኛውም መሣሪያ ከዕቃ ክፍል እንዳይወጣ፤

2ኛ/ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣቶቹ በሙያው በቆዩ አባቶች እየተመሩ እጀታ እንዲሠሩ፤

3ኛ/ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከቤቱ ደረቅ የእንጨት ስባሪ ወይም የቧንቧ ቁራጭ እንዲያመጣ።

መዋጮ አይደለም ብዬ ነበር፤ በሉ እንግዲህ፣ ስባሪ እንጨት መዋጮ ከተባለ መዋጮ ይባል! የልጆቻችን እጅ ግን ከዚህ ይበልጣል። የምትደግፉ እጃችሁን አንሱ።



የማኅበሩ ጸሐፊ