ስለ ዕድራችን ግቢ ሲሚንቶ እድፍ አለቃቀቅ
(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ። ላልመጡት አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ተወስኗል።)



እንደምታውቁት የግቢያችን ሲሚንቶ ከተለሰነ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ድንኳን የሚተከለው፣ ድስት የሚጣደው፣ ሰው ተሰብስቦ የሚጽናናው እዚያው ላይ ነው። ዛሬ ግን መልኩ ጠፍቷል። በበሩ በኩል የመኪና ዘይት አጥቁሮታል፤ ወጥ በሚሠራበት በኩል ቅባትና ጥቀርሻ ተጋግሮበታል፤ የብረት ወንበሮቹ በሚደረደሩበት ቦታ ዝገት ቀልቷል፤ በአጥሩ ጥግ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር አረንጓዴ ነገር ይበቅላል። ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን መሶብ እንደያዙ እዚያው ጥግ ላይ አዳልጧቸው ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ ከርሟል። ስለዚህ ነገሩ የመልክ ብቻ አይደለም።

አንዳንድ አባሎች «ሰብረን እንደገና እናስሞላው» ብለዋል። ኮሚቴው በዚህ አልተስማማም። ሲሚንቶው አልተሰነጠቀም፣ አልሰመጠም፤ ቆሸሸ እንጂ። ልብስ ቆሸሸ ተብሎ አይጣልም። በካዝና ያለውም ገንዘብ የሐዘንተኛ ገንዘብ ነው።

ሌሎች ደግሞ «አሲድ ይደፋበትና ይለቃል» ይላሉ። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አሲድ ሲደፋ አረፋ አውጥቶ ሲፈላ ስናይ እድፉን የበላው ይመስለናል። የሚበላው ግን ሲሚንቶውን ራሱን ነው። ላዩ ተልጦ አሸዋው ብቅ ይላል፤ ሻካራ ይሆናል፤ ሻካራ ደግሞ ካለፈው የበለጠ እድፍ ይይዛል። ዘይትንማ አሲድ ጨርሶ አያስለቅቅም። ገንዘብ አውጥቶ ማበላሸት ይሉታል ይኼ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በሠፈራችን በአንድ ቤት አንድ ወጣት ግቢ ሊያጥብ ብሎ በረኪና ደፋ። አልለቀቀለትም። ቀጥሎ የሽንት ቤት ማጽጃውን አሲድ በላዩ ጨመረበት። ወዲያው የሚያፍን ሽታ ተነሣ፤ ልጁም፣ ሊያወጡት የገቡት እናቱም እያሳሉ፣ ዓይናቸው እያለቀሰ በጎረቤት ርዳታ ወጡ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል። ያ የተነሣው ጋዝ ክሎሪን ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1907 ዓ.ም.፣ ቤልጂግ አገር ኢፕር በተባለው ግንባር ጀርመኖች በጠላት ወታደር ላይ የለቀቁት ይኸው ጋዝ ነው። (በ1928 ዓ.ም. ጣልያን በአባቶቻችን ላይ ከአውሮፕላን ያዘነበው የሰናፍጭ ጋዝ ሌላ ዓይነት ነው፤ አባቶች እንዳይደባለቅባችሁ።) ክሎሪን ከአየር ይከብዳል፣ ወደ መሬት ይተኛል፤ ስለዚህ ቶሎ የሚያገኘው ሕፃናትንና አጎንብሶ የሚፈገፍገውን ሰው ነው።

አሲድ ስንል የባትሪውንና የሽንት ቤቱን ብቻ አይደለም። አቼቶም፣ ሎሚም አሲድ ናቸው። እነዚህም ከበረኪና ጋር አይገናኙም። ሽንት ያለበትም ቦታ እንደዚሁ ነው፤ በረኪና ሲያገኘው ሌላ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። በአጥራችን ሥር ማታ ማታ የሚሸኑት ሰዎች እስኪተዉን ድረስ እዚያ ጥግ በረኪና ከመድፋታችን በፊት በብዙ ውሃ እናጥባለን።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ሲሚንቶ ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንደ እንጀራ ዓይን አለው፤ ዓይኑ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ አይታየንም። የፈሰሰበትን ይጠጣል። ስለዚህ ዘይት እንደፈሰሰ ውሃ መድፋት ማስፋፋት ነው። መጀመሪያ ሰጋቱራ ወይም አመድ ነስንሶ ማስጠጣት፣ ሲጠጣ ጠርጎ ማንሣት፣ ከዚያ በፈላ ውሃና በኦሞ መፈግፈግ ነው። የቆየው ዘይት ግን ወደ ታች ስለወረደ ከላይ ቢፈገፍጉት ዋጋ የለውም፤ ወደ ላይ መሳብ አለበት። የደቀቀ ሰጋቱራ ወይም የተነፋ አመድ ወፈር ባለ የኦሞ ውሃ እንደ ገንፎ ይለወስና ጣት በሚያህል ውፍረት በእድፉ ላይ ይለጠፋል። በላስቲክ ተሸፍኖ ያድራል። በማግሥቱ ላስቲኩ ይነሣና እስኪደርቅ ይተዋል፤ ሲደርቅ ከታች ያለውን ቅባት እየሳበ ይወጣል። ተፍቆ ይጠረጋል። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ሁለትም ሦስትም ጊዜ ይደገማል። የዓመታት ዘይት ከነጭራሹ ይጠፋል ብለን ቃል አንገባም፤ ጥላ ቢጤ ይቀራል፤ ይቅር።

ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን የሚያፈሱ አሉ። ዘይቱን ያቀጥነውና የበለጠ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ከምድጃ አጠገብ ደግሞ እሳት መጥራት ነው።

የወጥ ቅባቱም በዚሁ ዓይነት ይለቃል፤ ትኩስ ውሃው ግን በጣም የፈላ ይሁን። ጥቀርሻ ሲሆን ቅድሚያ በደረቁ ይጠረጋል፤ በውሃ ከተጀመረ ቀለም ሆኖ ይቀባል።

ለዝገቱ ሎሚ ወይም አቼቶ ነው። ይፈስበትና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በላስቲክ ብሩሽ ተፈግፍጎ ቶሎ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል፤ ብዙ ካቆየነው እሱም ሲሚንቶውን ይነካል። በረኪና ለዝገት አይሠራም። የሽቦ ብሩሽ ይዛችሁ እንዳትመጡ አደራ፤ እየተሰበረ የሚቀረው ሽቦ በሳምንቱ ራሱ ዝጎ አዲስ ነጠብጣብ ያበቅላል። ወንበሮቹንም ካጠብን በኋላ ሳይደርቁ መደርደሩ ይቅር፤ ዝገቱ የመጣው ከእነሱ እግር ነው።

አረንጓዴው ነገር ደግሞ በአካፋ ይፋቅና አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይረጭበታል። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይፈገፈጋል፣ ይለቀለቃል። በአጥሩ ሥር ያለው ጤና አዳም እንዳይደርቅ አስቀድሞ ውሃ ይጠጣ፣ በላስቲክም ይሸፈን። ነገር ግን በረኪናው የያዝነው ቀጠሮ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ እዚያ ጥግ እየተኛ እስካለ ድረስ ሐምሌ ላይ ተመልሶ ይበቅላል። አሸንዳው መጠገን፣ ቦዩም መከፈት አለበት። ለዚህ ወጪ ኮሚቴው ድጋፋችሁን ይጠይቃል፤ ሲሚንቶ ከማስሞላት እጅግ ያነሰ ነው።

መኪና በግቢው የምታሳድሩ ወንድሞቻችን፣ መኪናው ከሥሩ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ አሮጌ ትሪ ወይም ቆርቆሮ አስቀምጡበት። ስም አንጠራም፤ እድፉ ያለበት ቦታ ይናገራል።

የሥራው ፕሮግራም እንደሚከተለው ነው። ሎሚና በረኪና በአንድ ቀን ስለማይገቡ ሥራው በሁለት ቅዳሜ ተከፍሏል። በፊተኛው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ዘይቱ፣ ቅባቱና ዝገቱ ይሠራል፤ ያን ቀን በረኪና ወደ ግቢው አይገባም። በሁለተኛው ቅዳሜ የአጥሩ ጥግ ይሠራል፤ ያን ቀን ደግሞ አቼቶና ሎሚ አይገባም። ከየቤቱ አንድ ሰው ከነጓንቱና ከነቦቲ ጫማው ይምጣ። ሰጋቱራውን ከእንጨት ቤቱ በነፃ ለማምጣት ተስማምተናል። ጄሪካን፣ ባልዲ፣ የላስቲክ ብሩሽ ያላችሁ ስማችሁን ጽፋችሁበት አምጡ። ዘይት የጠጣው ሰጋቱራና አመድ በማዳበሪያ ተሞልቶ ከቆሻሻው ጋር ይሄዳል፤ ቦዩ ውስጥ እንዳይጣል፤ ቦዩ የሚወርደው ወደ ታችኞቹ ጎረቤቶቻችን ደጃፍ ነው። ሕፃናት በሁለቱም ቀን ግቢው ውስጥ አይገቡም።

በእነዚህ ቀኖች ሐዘን ከደረሰ ሥራው ይቆምና ድንኳኑ ይተከላል፤ የሚቀጥለው ቀን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይገለጻል።

የዕድሩ ጸሐፊ