ፀሐይ ወጥታ መብራት የምናበራው ለምንድን ነው?

በማኅበራችን የመገናኛ ቀን ደሴ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ከሙያህ አንድ ነገር ጣል አድርግልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ያማረልኝን ሕንፃ ፎቶ ይዤ መምጣት ነበር። ግን እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት መምህሮች በላቦራቶሪ ሪፖርት ላይ ያልመጣ ውጤት አሳምሮ የሚጽፍ ተማሪ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ስለዚህ ስለተበላሸብኝ ሥራ ልናገር።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ለቢሮ የሚከራይ ባለ 4 ፎቅ ሕንፃ ፕላን ሠራሁ። ባለቤቱ መንገዱን የሚያየው ፊት ሙሉ በሙሉ መስታወት እንዲሆን ፈለጉ፤ ያ ፊት ደግሞ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጦሳ የዞረ ነው። እኔም እሺ አልኩ። ሕንፃው ሲያልቅ ተጨበጨበልን። ባለፈው ዓመት ለራሴ ጉዳይ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ወዳለ አንድ ቢሮ ገባሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ውጭ ፀሐይዋ ደምቃለች። ውስጥ ግን መስታወቱ ላይ አሮጌ ጋዜጣና ካርቶን ተለጥፏል፤ አምፖሉ በሙሉ በርቷል። ከክፍሉ ጥግ የተቀመጡት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋይሌን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቁጥሩን ይፈልጋሉ።

«እትዬ፣ መስኮቱን ለምን ሸፈናችሁት?» አልኳቸው።

«ካልሸፈንነው ፀሐዩ ኮምፒውተሩ ላይ ያርፍና ምንም አይታይም። ከሸፈንነው ደግሞ ይጨልማል። ኧረ ይኼን የሠራው ሰው አንድ ቀን እዚህ ተቀምጦ ቢውል!»

ሠሪው እኔ መሆኔን ስነግራቸው ሳቁና «አብሽር ወንድሜ፣ ለምደነዋል» አሉኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ «ለምደነዋል» ነው።

እስቲ ከቀላሉ ሒሳብ እንጀምር። የመንግሥት ሠራተኛ 2፡30 ገብቶ 11፡30 ይወጣል። ደሴ ላይ ቀኑ በጣም በሚያጥርበት በታኅሣሥ እንኳ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ የ11 ሰዓት ተኩል ያህል ርዝመት አለው። ስቶክሆልም ያለ ሠራተኛ በታኅሣሥ ከቢሮ ሲወጣ ጨልሞ ይጠብቀዋል። የእኛ የሥራ ሰዓት ግን ዓመቱን ሙሉ በቀን ብርሃን ውስጥ ይውላል። ታዲያ በጠራራ ፀሐይ መብራት ካበራን ጥፋቱ የፕላኑ ነው።

ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። የአውሮፓው የሥራ ቦታ መብራት ደረጃ ለሚነበብበትና ለሚጻፍበት ጠረጴዛ 500 ሉክስ፣ ለቅርብ ዙሪያው 300፣ ለኮሪደር 100 ይላል። ከቤት ውጭ በደመናማ ቀን 10,000 ሉክስ ያህል ይገኛል፤ ጠራራ ላይ ወደ 100,000 ይደርሳል። ስለዚህ በደመናው ቀን ከውጭው ብርሃን ከመቶ 5 እጁን ጠረጴዛ ላይ ማድረስ ከቻልን 500ው ሞላ ማለት ነው።

እንዴት እናድርሰው? መጀመሪያ አቅጣጫ ነው። በሰሜን አውሮፓ የተጻፉ መጻሕፍት «የሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኘውም» ይላሉ። ለእነሱ አገር በአብዛኛው ልክ ነው። ደሴ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜናችን በኩል ነው። በታኅሣሥ ደግሞ በደቡብ በኩል ሆና በቀትር 55 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሁለቱም በኩል ፀሐይዋ ከፍ ያለች ስለሆነች ከመስኮቱ በላይ አጠር ያለ ጥላ ማውጣት ይበቃል። ምሥራቅና ምዕራብ ሌላ ነገር ነው፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከላይ የወጣ ጥላ አያግዳትም። እዚያ መስኮት ማሳነስ ወይም በጎን የቆመ ጥላ መሥራት ያስፈልጋል። እኔ ያደረግሁት ተቃራኒውን ነው።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። የመስኮት ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከወለል እስከ መስኮቱ አናት ያለውን ቁመት እጥፍ ያህል ነው። አናቱ 2.5 ሜትር ላይ ከሆነ 5 ሜትር ድረስ ይረዳል። የእኔ መዝገብ ቤት የተቀመጠው 8 ሜትር ውስጥ ነበር። መስኮትን ወደ ጎን ከማስፋት አናቱን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ኮርኒሱና ግድግዳው ነጣ ያለ ቀለም ከተቀባ ብርሃኑን ወደ ጥጉ ይመልሰዋል።

ሦስተኛው፣ ደሴና ኮምቦልቻን በአንድ ፕላን አለመሥራት ነው። በዶሮ መዝለያ ጠመዝማዛ ስንወርድ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ እንቀንሳለን። የደሴ ሠራተኛ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ኮቱን ሳያወልቅ ነው የሚቀመጠው፤ በደቡብ መስኮት የምትገባ ፀሐይ ወለሉ ላይ ብታርፍለት ምርቃት ናት። ኮምቦልቻ ላይ ግን ያቺው ፀሐይ ሙቀት ናት። እዚያ 1.5 ሜትር ቁመት ላለው የደቡብ መስኮት 1 ሜትር ገደማ የወጣ ጥላ የታኅሣሥን የቀትር ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ይከላከላል። ደሴ ላይ ይኼን ጥላ እናሳጥረው።

አምፖል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የቀኑን ብርሃን ተከትሎ የጎደለውን ይሙላ። በአብዛኛው ቢሮዎቻችን አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ክፍሉን በሙሉ ያበራል፤ ጥጉ ስለጨለመ ብቻ መስኮት ሥር ያለውም አምፖል አብሮ ሲነድ ይውላል። ገመዱ ከመስኮቱ ጋር ትይዩ በሆነ ረድፍ ቢዘረጋና እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ማብሪያ ቢኖረው፣ የክረምቱ ጉም ከተማውን ሲሸፍን ሁሉንም፣ ሲገፈፍ የጥጉን ብቻ እናበራለን። 36 ዋት ፍሎረሰንት በ18 ዋት ኤልኢዲ ሲተካ ፍጆታው በግማሽ ይቀንሳል። ፋይል ለሚያነብ ሰው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አንድ የራሱ መብራት ይጨመርለት። የኮምፒውተር ጠረጴዛ መስኮቱን በጎኑ አድርጎ ይቀመጥ፤ ፊት ለፊት ከሆነ ዓይን ያጭበረብራል፣ ከኋላ ከሆነ ስክሪኑ መስታወት ይሆናል።

ወደ ቧንቧ ውሃው ሕንፃ ተመልሼ ባለቤቱን አነጋገርኩ። ግድግዳው ነጭ ተቀባ፣ ጠረጴዛዎቹ ዞሩ፣ መዝገብ ቤቱ ወደ መስኮቱ ቀረበ፣ ማብሪያዎቹ በረድፍ ተለያዩ። ውጭ የሚቆመው ጥላ ግን ገንዘብ ስለሚፈልግ እስካሁን አልተሠራም። በወረቀት ላይ አንድ መስመር አስምሬ ማረም የምችለውን ስህተት ዛሬ ለማረም ስካፎልዲንግ ያስፈልጋል።

መምህሮቼን አንድ ነገር ልለምን። የሉክስ መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም። ተማሪዎች በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ ቢሮዎችን በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሐምሌ፣ በ3፣ በ6 እና በ10 ሰዓት ይለኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሳችን ሰንጠረዥ ይኖረናል። እኛ በሥራ ላይ ያለነው ደግሞ የሠራናቸውን ሕንፃዎች በር እንክፈትላቸው፤ የተበላሹትንም ጭምር።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ስሄድ ጋዜጣው ከግማሹ መስታወት ላይ ተነሥቷል። ግማሹ አሁንም እንዳለ ነው። ያ እስኪነሣ ድረስ «ለምደነዋል» እንዳንባባል አደራ።