እርዳታው በሬው ሳይሸጥ ይድረስ

እናንተ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች!

ዛሬ የምንነጋገረው መንግሥት ሠርቶ ለሚያድር የገጠር ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ምን ያድርግለት በሚለው ጉዳይ ላይ ነው። መንገድ ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤት ያስፈልጋል፤ ጤና ጣቢያም ያስፈልጋል። ሁሉንም በአንድ ቀን መሥራት ግን አይቻልም። ስለዚህ የቱ ይቅደም ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ቤተሰቡ በአንድ ክፉ ዓመት ምክንያት የእርሻ በሬውን እንዳይሸጥ ማድረግ ይቅደም። ለምን እንዲህ እንዳልን እናስረዳ።

በሬ ሲሸጥ ምን ይሆናል?

ዝናብ ቀረ እንበል። ጎተራው ባዶ ሆነ። ገበሬው መጀመሪያ ዶሮውን ይሸጣል። ቀጥሎ በጉንና ፍየሉን ይሸጣል። በመጨረሻም በሬውን ነድቶ ገበያ ይወጣል። ነገር ግን ያን ቀን ገበያ የወጣው እሱ ብቻ አይደለም። የአገሩ ሰው ሁሉ በሬውን ነድቶ መጥቷል። ሻጭ ሲበዛ የበሬ ዋጋ ይወድቃል። እህል ፈላጊ ሲበዛ ደግሞ የእህል ዋጋ ይወጣል። እንግዲህ ገበሬው በርካሽ ሸጦ በውድ ገዛ ማለት ነው።

ያም እህል በጥቂት ወር ያልቃል። በዓመቱ ዝናቡ ደህና አድርጎ ይጥላል። ግን በምን ይታረስ? አንድ በሬ የቀረው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ምንም ያልቀረው ግን መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ የምርቱንም ግማሽ ያጣል። ድርቁ የአንድ ዓመት ነበር፤ ድህነቱ ግን የብዙ ዓመት ሆነ።

አገራችን ይህን ያየችው በመራራ መንገድ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም ቦታዎች እጅግ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። እርዳታው ለብዙዎች የደረሰው ከብቱ ካለቀ፣ ቤቱ ከተዘጋ፣ ሰዉም ከተሰደደ በኋላ ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው።

ሴፍቲኔት ለምን ተጀመረ?

ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አሠራሩ ያው ነበር። ችግር ሲመጣ እርዳታ ይለመናል፤ እህሉ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ። ኋላ ግን አንድ ነገር ታሰበ። ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም በየዓመቱ ለጥቂት ወራት የሚርበው ቤተሰብ ይታወቃል። ታዲያ ረሃቡ እስኪመጣ ለምን ይጠበቃል? አስቀድሞ ይመዝገብ፤ በየወሩም ይከፈለው ተባለ።

በዚህ አሳብ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ። ሕዝቡ ባጭሩ ሴፍቲኔት ይለዋል። መጀመሪያ የተሠራበት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ታቀፈ። ከገንዘቡ የሚበዛው ከውጭ አገር ለጋሾች የመጣ ነበር።

የአሠራሩ መሠረት ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ መሥራት የሚችል ሠርቶ ይቀበላል። የሥራው ጊዜ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ስለሆነ የገበሬውን እርሻ አይሻማም። ሥራውም እርከን መሥራት፣ ችግኝ መትከል፣ ምንጭ ማጎልበት፣ የገጠር መንገድ መጥረግ ነው። እህሉ ተበልቶ ቢያልቅም እርከኑ ለልጅ ልጅ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ መሥራት የማይችል ሳይሠራ ይረዳል። ጧሪ የሌለው ሽማግሌ፣ አቅም የሌለው በሽተኛ፣ የአካል ጉዳተኛ በዚህ ውስጥ ናቸው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከሥራው ታርፋለች፤ ክፍያዋ ግን አይቀርባትም።

ሦስተኛ፣ ማን እንደሚታቀፍ በቀበሌው ሕዝብ ፊት ይወሰናል። ተበደልኩ የሚል ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አቤት ይላል።

እስቲ እናስላ

ፕሮግራሙ ሲጀመር ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰብ ነበር። የአንድ ቀን ክፍያ 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ነበር። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር አምስት ነፍስ ናቸው።

5 ሰው በ5 ቀን፣ 25 ቀን።
25 ቀን በ3 ኪሎ፣ 75 ኪሎ።
75 ኪሎ በ6 ወር፣ 450 ኪሎ።

ይህ አራት ኩንታል ተኩል ነው። አራት ኩንታል ተኩል እህል ያገኘ ቤተሰብ በሬውን ገበያ አያወጣም።

ልጆች አይሠሩም፤ 25ቱን ቀን የሚሠሩት ባልና ሚስቱ ናቸው። ነገር ግን ሚስቲቱ ከዚህ ሌላ ውኃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ትጋግራለች፤ ልጅ ታዝላለች። ስለዚህ ሴቶች አርፍደው እንዲገቡና ቀደም ብለው እንዲወጡ በኋላ በደንቡ ተፈቀደ። ይህ ለሴቶች የተደረገ ችሮታ አይደለም። የቤት ሥራም ሥራ መሆኑን ማወቅ ነው።

ምን ጎደለ?

መልካም ደንብ ብቻውን አያጠግብም። በብዙ ወረዳ ክፍያው እየዘገየ ሕዝቡን አስቸግሯል። የመጋቢት ክፍያ በሰኔ ከደረሰ በሬው በሚያዝያ ተሽጧል።

በ2000 ዓ.ም. የቀን ክፍያው ከ6 ብር ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም የእህል ዋጋ ከዚያ አልፎ ናረ። ብሩ 3 ኪሎ እህል መግዛት ስላቃተው ብዙ ሰው በብር ከመቀበል በእህል መቀበልን መረጠ።

ደግሞም ያለው ለሁሉም ይዳረስ እየተባለ የቤተሰቡ ቁጥር የሚቀነስበት ጊዜ ነበር። ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት ለአራት ሰው ብቻ ከተመዘገበ፣ ለአራት የመጣው ለሰባት አፍ ይካፈላል። እንዲህ ከሆነ በሬው አልዳነም።

እንግዲህ መንግሥት ማስቀደም ያለበት ሦስት ነገር ነው እንላለን። ክፍያው በቀኑ ይድረስ። የብሩ መጠን በገበያው የእህል ዋጋ ይለካ። የቤተሰቡ አባል በሙሉ ይቆጠር።

የእኛስ ድርሻ?

ማንበብና ማስላት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የስም ዝርዝር ሲለጠፍ ቆማችሁ አንብቡ። በካርዳችሁ ላይ ስንት ነፍስ እንደተጻፈ ቁጠሩ። የሠራችሁበትን ቀን በደብተር ያዙ። ሳታነቡ አትፈርሙ። ቅሬታ ሲኖራችሁ ስም፣ ቀንና ቁጥር ጠቅሳችሁ በጽሑፍ አቅርቡ፤ የአቤቱታውንም ቅጂ አስቀሩ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት።

ደንቡ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ የክፍያው ልክም ተለውጧል። የዘንድሮውን ከቀበሌያችሁ ጠይቁ፤ ስሌቱን ግን ራሳችሁ ሥሩት። ለሚሠራ ቤተሰብ የሚሰጥ ድጋፍ ልመና አይደለም፤ ላቡን ያፈሰሰበት ነው። ላቡን ያፈሰሰ ሰው ደግሞ መጠየቅ መብቱ ነው።

እንወያይበት

1. በአካባቢያችሁ በክፉ ዓመት በመጀመሪያ የሚሸጠው ምንድን ነው? በመጨረሻስ?
2. ስድስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ በዚያ ስሌት በወር ስንት ኪሎ ያገኝ ነበር?
3. በቀበሌያችሁ በጋራ ከተሠሩት ሥራዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅመው የትኛው ነው? የፈረሰስ አለ? ለምን?