የምታጠባ እናት ምግብና የሕፃን ችፌ
(በጤና ኬላ ለተሰበሰቡ ወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሕፃን ችፌ ነው። ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት የአራት ወር ልጇን ይዛ እዚህ መጣች። የልጁ ጉንጭ ቀልቷል። ግንባሩ ቅርፊት ይዟል። ሌሊት ሲያሳክከው ያድራል። እኔን ግን ከልጁ ይልቅ ያስደነገጠችኝ እናቲቱ ነበረች። ፊቷ ገርጥቷል። ስታወራኝ ግድግዳ ተደግፋ ነው።

«ምን እየበላሽ ነው?» አልኳት።

«እንጀራ በጨው» አለችኝ።

መጀመሪያ አማቷ «ልጁን ያሳከከው ወተቱ ነው» አሉ፤ ወተት ተወች። ቀጥሎ ጎረቤት «እንቁላል ነው» አለች፤ እንቁላል ተወች። አንዷ በርበሬውን፣ ሌላዋ ምስሩን፣ ሌላዋ ጎመኑን ከለከለቻት። ሁሉም ለልጁ አስበው ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ወተት ከተወች ሁለት ወር ሞላት። የልጁ ችፌ ያው እንደነበረ ነው።

ለመሆኑ ችፌ ምንድን ነው? ጤነኛ ቆዳ በጭቃ በደንብ እንደተለሰነ ጎተራ ነው። የውስጡን ይጠብቃል፤ የውጭውን ይከለክላል። ችፌ የያዘው ቆዳ ግን ልስኑ እንደተሰነጠቀ ጎተራ ነው። ወዙ ይወጣና ቆዳው ይደርቃል። ሲደርቅ ያሳክካል፤ ሲታከክ ይቆስላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልጁ ዓመት ሳይሞላው፣ በጉንጩና በራሱ ላይ ነው። ከፍ ሲል በክርኑና በጉልበቱ መታጠፊያ ይታያል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አስም ወይም ችፌ ባለበት ዘር ይበዛል። ብዙዎቹ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይሻላቸዋል። ምች አይደለም፤ የእናት ጥፋትም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልጁን ብቻ ሳይሆን እናቱንም ወንድሞቹንም ሌሊት ሌሊት የሚያሳክካቸው ከሆነ፣ በጣታቸው መካከልም ሽፍታ ከወጣ፣ ችፌ ሳይሆን እከክ ሊሆን ይችላል። የእከክ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ላይ ይታከማል።

አሁን ወደ ምግቡ ልመለስ። እናት ከምትበላው ምግብ ጥቂቱ በጡቷ ወተት በኩል ለልጁ ይደርሳል። ይህ እውነት ነው። እናታቸው የላም ወተት ስትጠጣ ወይም እንቁላል ስትበላ ችፌው የሚብስባቸው ሕፃናትም አሉ። ስለዚህ አማትየው ነገሩን ከባዶ አላመጡትም። ግን እንዲህ ያሉት ሕፃናት ጥቂቶች ናቸው። የብዙዎቹ ችፌ ከእናት ምግብ አይመጣም። በርበሬና ጎመንማ በከንቱ ነው ስማቸው የጠፋው።

ይህን የምታጣሩበት አንድ መንገድ በእጃችሁ አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የምትጾም እናት በነዚያ ቀናት ወተት፣ አይብ፣ ቅቤና እንቁላል አትቀምስም። እስቲ አስታውሺ፤ የልጅሽ ችፌ በጾሙ ጊዜ ቀንሶ ነበር? በፋሲካ ስትፈስኪ ተመልሶ ባሰበት? እንዲያ ከሆነ ወተቱን ወይም እንቁላሉን መጠርጠር ይቻላል፤ መጥተሽ ንገሪን። ጾሙን ሙሉ ካልተለወጠ ግን ጥፋቱ የነሱ አይመስልም። ይህን ስል ጹሚ ማለቴ አይደለም፤ ያ የአንቺና የንስሐ አባትሽ ጉዳይ ነው። ያቺ እናት ያለ ወተት ከሁዳዴ የበለጠ ቆይታለች። መልሱ ተገኝቶ ነበር፤ ግን ማንም ልብ አላለውም።

ምግብ መሞከር ካስፈለገም ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ ይሁን። የሚተወው አንድ ምግብ ብቻ ነው፤ አምስት አይደለም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይታያል። ከዚያ ምግቡ ይመለስና እንደገና ይታያል። ለውጥ ከሌለ እናት ምግቧን ትብላ! ወተት የተወች እንደሆነ ሽሮውን፣ ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ታብዛ። የምታጠባ እናት ከወትሮዋ በቀን ሁለት ጊዜ ጨምራ መብላት አለባት። ካልበላች ወተቱ የሚወጣው ከገዛ አካሏ ነው። ጡት ማስጣልም አይገባም። ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናት ጡት ሌላ ምንም አይሰጠው፤ የላም ወተትም ቢሆን።

ደግሞ አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ። ያቺ እናት ወተት በአፏ አላዞር ብላ፣ ልጁን ግን ጧትና ማታ ቅቤ ትቀባዋለች። ቅቤ ውስጥ የወተት ቅሪት አለ። በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ሲገባ የልጁ ሰውነት ወተትን እንደ ጠላት መቁጠር ሊጀምር ይችላል። ንጹሕ ካልሆነም ቁስሉን ያመረቅዛል። ስለዚህ ችፌ ያለበትን ቆዳ ቅቤ አትቀቡ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ልስኑን መጠገን ነው። ልጁን ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፤ ብዙ አታቆዩት። ሳሙና አታብዙ፤ ሽታ ያለው ሳሙና ደግሞ ጭራሽ ይቅር። አትፈትጉት። በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀቡት። ቫዝሊኑ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሲደርቅም ደጋግማችሁ ነው። ጥፍሩን ቁረጡለት። ሱፍ ገላውን አይንካው። የቀላውና የሚያሳክከው ካልበረደ በጤና ጣቢያ ቅባት ይታዘዝለታል። ከገበያ የተገዛ ቅባት ግን አትሞክሩ።

ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ውሃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ከወጡበት፣ ካተኮሰው፣ ሰገራው ደም ከቀላቀለ ወይም ፊቱ በድንገት ካበጠ ያኑ ቀን ውሰዱት። ኪሎው አልጨምር ያለውንም ልጅ አምጡት።

ያ ልጅ በቫዝሊኑና ጤና ጣቢያ ባዘዘለት ቅባት በሦስተኛው ሳምንት ጉንጩ ለሰለሰ። እናቱ ምግቧን ሁሉ መልሳለች። ባለፈው ሲመጡ አማትየው አብረው ነበሩ፤ የተቀቀለ እንቁላል በጨርቅ ቋጥረው ይዘውላታል።

በሉ፣ ውሃው ለብ ብሏል። ሕፃን የያዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ አስተጣጠቡን ላሳያችሁ። አባቶችም አትውጡ፤ ማታ ልጅ የምትይዙት እናንተ ናችሁ።