በሊቅ ስም መከራከር፦ የ48ቱ ክሮሞዞሞች ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በሥነ አመክንዮ ትምህርት በባለሙያ ስም የመመካት ሕጸጽ ስለምንለው ነው። ሊቅን መጥቀስ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ሁሉን መርምረን አንዘልቀውምና በየሙያው የሠለጠኑትን ማመን ግድ ይለናል። ሕጸጹ የሚጀምረው የተናጋሪው ስም በማስረጃው ቦታ ሲቀመጥና «በምን አወቁ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ሲቆጠር ነው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቴዎፊለስ ፔይንተር እ.ኤ.አ. በ1923 የሰው ሕዋስ 48 ክሮሞዞሞች እንዳሉት ጻፈ። ፔይንተር በመስኩ የተከበረ ተመራማሪ ነበር፤ ነገር ግን በዘመኑ ዘዴ ክሮሞዞሞቹ ተደራርበው ስለሚታዩ ቆጠራው እጅግ አዳጋች ነበር። ቁጥሩ ግን ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገብቶ ከ30 ዓመት በላይ ቆየ።

በ1955 መጨረሻ ጆ ሂን ቺዮ በስዊድን፣ በሉንድ ከተማ፣ በተሻሻለ ዘዴ ሲቆጥር 46 አገኘ፤ በማግሥቱ ዓመትም ከአልበርት ሌቫን ጋር ግኝቱን አሳተመ። ከጽሑፋቸው ይበልጥ የሚያስደንቀኝ አንድ ጥቆማ ነው። ጥቂት ቀደም ብለው የጽንስ ጉበት ሕዋሳትን ያጠኑ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ 48ቱን ሁሉ ማግኘት ስላልቻሉ ሥራቸውን ለጊዜው ትተውት ነበር። ጎደሉ ያሏቸው ሁለቱ ክሮሞዞሞች ከመጀመሪያውም አልነበሩም፤ መጽሐፉን ከመጠራጠር የገዛ ዓይናቸውን መጠራጠር ቀለላቸው።

ጉዳዩ ከቁጥር ያለፈ ነው። በ1959 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሕፃናት 47 ክሮሞዞሞች እንዳሏቸው አሳወቁ። መደበኛው ቁጥር 48 ነው ብሎ ለሚያምን ሐኪም ግን 47 ማለት ጉድለት ነው፤ ትርፍ መሆኑ ሊታየው አይችልም። የተሳሳተ ቆጠራ ሳይታረም ቢቀር ኖሮ፣ የወላጆች ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ባላገኘ ነበር።

48ን የሻረው ሌላ ታላቅ ስም ሳይሆን ማንም ባለሙያ ደግሞ ሊቆጥረው የሚችል ማስረጃ ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ በጥናታችሁ ሊቅ ስትጠቅሱ ምን እንዳለ ብቻ ሳትወሰኑ፣ ምን እንዳየና በምን ዘዴ እንዳየው ጨምራችሁ ጻፉ። ያን ጊዜ አንባቢያችሁ ማመንም ሆነ መሞገት ይቻለዋል።