አለቃን ስለ መጠየቅ
(በመካነ ሰላም ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



በደቦ ባለ እርሻው ይደግሳል፤ ሥራውንም ያዛል። በወንፈል ግን ዛሬ ያዘዘው ሰው ነገ በባልንጀራው ማሳ ላይ ታዛዥ ነው፤ ስለዚህ አዛዡ አፉን ይጠብቃል፣ ታዛዡም ለመጠየቅ አይፈራም። በመሥሪያ ቤት ይህ ተራ የለም። ዝምታችንም ከዚሁ የመጣ ይመስለናል።

ለተግባር ልምምድ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተመድበን ሳለ፣ ያዘጋጀነው ዘገባ ሳይፈረም ሁለት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ተኛ። እኛም በይሉኝታ ዝም አልን። (ዝም ያልነው በቢሮው ውስጥ ነው፤ ሻይ ቤቱማ ሐሜታችንን ጠግቧል።) በመጨረሻ አንዳችን ደፍሮ ቢገባ፣ አለቃው «እንዳነበው ብቻ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ፊርማ እንደሚፈልግ ማን ነገረኝ?» አሉና ወዲያው ፈረሙ። እርሳቸውም ሊጠይቁን ይገባ ነበር፤ ነገር ግን የሚበዛው ጥፋት የእኛ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ከዚያ ላይ ሁለት ሳምንት በኩርፊያ የሚያልፍበት አዲስ ተቀጣሪ ምን ሠርቶ ይታያል?

ከእኛም መካከል ነገ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሠራተኛ የሚያዝ ይኖራል። እርሳቸውም በይሉኝታ ዝም ይሉት ይሆናል፤ እንግዲያው ቀድሞ መጠየቅ የእርሱ ፈንታ ነው።

እኛ ለጊዜው፣ በምናስገባው ወረቀት ሁሉ ራስጌ ላይ «ለፊርማ» ብለን ለመጻፍ ተስማምተናል።