የጡረታ ጥያቄው ውድቅ ሲሆን

በወላይታ ሶዶ በግል ድርጅት ሲሠሩ ኖረው ኩላሊት ወይም ስኳር ከሥራ ያስቀራቸው፣ የጤና ጉድለት ጡረታ ጠይቀውም «አይገባዎትም» የተባሉ ወገኖች ምን ያድርጉ?

ጭንቀቱ የጊዜ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ ቢበዛ 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 በግማሽ፣ የቀሩት 3 ያለ ክፍያ። ይግባኙ ሳይቋጭ ደመወዙ ያልቃል።

ስለዚህ ጥያቄዎ ውድቅ የሆነበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁ። የሕክምና ቦርዱ ማስረጃ ነው የጎደለው? ወይስ የአገልግሎት ዘመን? አገልግሎቱ 10 ዓመት ያልሞላ ሰው ወርሃዊ አበል ባያገኝ እንኳ ዳረጎት፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ክፍያ፣ መጠየቅ ይችላል። ቅሬታውን የሚያየው የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው።

እስከዚያው አራጣ አይበደሩ፤ እባክዎን። ወለዱ ከበሽታው በላይ ቤት ያፈርሳል። ከእድርዎ ብድር ይጠይቁ፤ ዕቁብ ካለዎት ዕጣው እንዲቀድምልዎ አባላቱን ያነጋግሩ። ደመወዝ ከተቋረጠ ደግሞ ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ቀበሌዎን ይጠይቁ፤ ትልቁን የሕክምና ወጪ የሚያቀልለው እሱ ነው።

በባዶ እግሩ ቀዩን አፈር ሲያርስ ኖሮ እግሩ ያበጠበት የወላይታ ገበሬስ? እሱ የሚከራከርበት ጡረታ እንኳ የለውም፤ ይህ ያሳዝነናል። ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳ ግን ሥራ የማይችሉ ድሆች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ከዝርዝሩ የተዘለለ ሰው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመልክት።